ከራስ አልፎ ለሰፈር የሚተርፍ እርካታ፦ በመሃል አዲስ አበባ ለሚኖርና ለሚሠራ ሰው ዝርዝር መመሪያ

መሃል አዲስ አበባ ውስጥ ጉዳይ ያለበት ሰው ቀኑ እንዴት እንደሚያልፍ የሚወስነው መስኮት ላይ የሚያገኘው ሠራተኛ ነው። ሠራተኛዋ ሥራዋን የምትወድ ከሆነች የጎደለውን ማስረጃ ዘርዝራ ትነግረዋለች፤ እሱም በማግስቱ አሟልቶ መጥቶ ይጨርሳል። ሥራዋ ከሰለቻት ግን ዛሬ አንድ ወረቀት፣ ነገ ሌላ ፊርማ እያለች ታመላልሰዋለች። ባለጉዳዩ የቀን ገቢውን ያጣል፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ከሰው ይጋጫል፣ ማታ ቤቱ ገብቶ ልጆቹን ያለ ጥፋታቸው ይቆጣል። የአንዲት ሠራተኛ መሰላቸት እስኪመሽ ድረስ ብዙ ቤት ይገባል።

ስለዚህ የግል እርካታን እንደ ቅንጦት የሚቆጥሩ ሰዎችን አጥብቄ እቃወማለሁ። «ከራስ በላይ ንፋስ» የሚለውን አባባልም አልቀበልም፤ ራሱን ብቻ ሲያገለግል ኖሮ የረካ ሰው አላየሁም። ይህ መመሪያ የቆመው በአንድ እምነት ላይ ነው፦ ዘላቂ እርካታ የሚገኘው ያለንን ችሎታ በታወቀ ቦታና በታወቀ ሰዓት፣ ለሚጠብቀን ሰው ስናውል ነው። ለሥራው የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ በሳምንት ሁለት ሰዓትና የአራት ወር ገደማ ትዕግሥት ነው።

ደረጃ 1፦ የኑሮ ችግርን ከውስጥ ባዶነት ይለዩ

ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። እንቅልፍ ያጣ፣ ነገር የሚያስጠላው፣ ሰኞ ሲመጣ የሚከፋው ሰው ምናልባት የሚያስፈልገው የቤት ኪራይ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ አብርሃም ማዝሎ እ.ኤ.አ. በ1943 ባሳተመው ጽሑፍ የሰውን ፍላጎት ከምግብና ከደኅንነት ጀምሮ ችሎታን ሙሉ በሙሉ እስከመጠቀም ድረስ በደረጃ አስቀምጦታል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን ራሱ ማዝሎ ቅደም ተከተሉ ድርቅ ያለ ሕግ እንዳልሆነ መጻፉ ነው። የታችኛው ሙሉ በሙሉ እስኪሟላ የላይኛው አይጠብቅም።

ስለዚህ በደብተርዎ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያለብዎትን ዕዳ፣ የወር ወጪዎንና የእቁብ መዋጮዎን ይጻፉ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ደመወዜ ነገ እጥፍ ቢሆን ይህ ስሜት ይጠፋል? መልስዎ «አዎ» ከሆነ ይህን መመሪያ ለጊዜው ያቆዩትና ገቢዎን የሚያሻሽሉበትን መንገድ ይፈልጉ፤ በዚህ የሚያፍሩበት ምንም ምክንያት የለም። «ለጥቂት ወራት ይጠፋል፣ ከዚያ ይመለሳል» ካሉ ይቀጥሉ። ምንም ነገር ደስ የማያሰኝዎት፣ ምግብም እንቅልፍም የራቀዎት ከሆነና ይህም ሳምንታት ካስቆጠረ ደግሞ መመሪያ ሳይሆን ሐኪም ያስፈልግዎታል፤ ሳይዘገዩ ይሂዱ።

ደረጃ 2፦ ለሁለት ሳምንት ውሎዎን ይመዝግቡ

ማታ ማታ ከመተኛትዎ በፊት ሦስት መስመር ብቻ ይጻፉ። ዛሬ ሰዓቱ ሳይታወቀኝ ያለፈው ምን ስሠራ ነው? በሠራሁት ነገር የተጠቀመ ሰው ማን ነው? ከሥራው ክብደት በላይ ያደከመኝስ ምንድን ነው?

«ጥሩ ቀን ነበር» የሚል መስመር ለምንም አይጠቅምም። «ለአዲሱ ልጅ የዕቃ አወጣጥ ቅጹን ሳስረዳ ምሳ ሰዓት አለፈ» የሚለው ግን ብዙ ይናገራል፤ ይህ ሰው የማስተማር ዝንባሌ አለው፣ ምናልባትም እስከ ዛሬ አላወቀውም። ሁለቱ ሳምንታት ሲያልቁ ደጋግመው የመጡትን ነገሮች ያስምሩባቸው።

ደረጃ 3፦ ሦስት ሰዎችን ይጠይቁ

ራስን ማመስገን በእኛ ዘንድ ነውር ስለሆነ ብዙዎቻችን የምንችለውን ነገር አፍ አውጥተን መናገር አንችልም። ከመሥሪያ ቤት አንድ፣ ከሰፈር አንድ፣ ከድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛ አንድ ይምረጡ። «ጎበዝ ነኝ ወይ?» ብለው አይጠይቁ፤ ለይሉኝታ ብለው ያሞግሱዎታል። «እኔ ከዚህ ብለቅ የሚያስቸግራችሁ ነገር ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ብዙ ጊዜ ያስገርማል። ጎረቤትዎ «የተጣሉትን የምታስታርቂው አንቺ ነሽ» ትልዎት ይሆናል፤ እርስዎ ግን ያንን እንደ ችሎታ ቆጥረውት አያውቁም።

ደረጃ 4፦ ከተቀመጡበት ወንበር ይጀምሩ

ብዙ ሰው እርካታን ከሥራ ሰዓት ውጭ ብቻ ይፈልጋል። ከእንቅልፍ ውጭ ካለን ሰዓት ትልቁን ድርሻ ሥራ ቦታ ላይ እያሳለፍን የቀረችውን ጥቂት ሰዓት ሁሉንም እንድትክስ መጠበቅ ግፍ ነው። ስለዚህ ይህ ደረጃ ረዘም ይላል፤ እርስዎም እዚህ ላይ ረጅም ጊዜ ይቆዩ።

መጀመሪያ ሥራዎን እስከ መጨረሻው ይከተሉት። የሚጽፉት ሰነድ፣ የሚያጣሩት ሒሳብ፣ የሚያመርቱት ዕቃ ከእጅዎ ሲወጣ ወዴት ይሄዳል? በመጨረሻ የሚደርሰው ሰው ማን ነው? ያንን ሰው በአካል ይፈልጉት። አዳም ግራንት የተባለ ተመራማሪና የሥራ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ጥናት እዚህ ላይ ይጠቅመናል። በአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎች ነጻ የትምህርት ዕድል ገንዘብ በስልክ የሚያሰባስቡ ሠራተኞች ነበሩ። ከእነርሱ መካከል የተወሰኑት በዚያ ገንዘብ ከሚማር ተማሪ ጋር ለጥቂት ደቂቃዎች እንዲነጋገሩ ተደረገ። ከአንድ ወር በኋላ እነዚህ ሠራተኞች በስልክ የሚያሳልፉት ጊዜም የሚያሰባስቡት ገንዘብም ከእጥፍ በላይ ጨምሮ ተገኘ። ደመወዝ አልተጨመረላቸውም፣ አለቃም አልተቀየረላቸውም፤ የድካማቸውን ፊት አዩት እንጂ።

ሜክሲኮ አካባቢ ባለ ቢሮ የጡረታ ፋይል የሚያዘጋጅ ሰው ክፍያው ወደሚፈጸምበት ቦታ አንድ ቀን ወርዶ ሰልፉን ይመልከት። የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የላቦራቶሪ ባለሙያ ውጤቱን የሚጠብቁት አስታማሚዎች የተቀመጡበትን አግዳሚ አልፎ አልፎ ይጎብኝ። የልብስ ስፌት ባለሙያዋ የሰፋችውን የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ የለበሰች ልጅ መንገድ ላይ ስታይ ቆም ትበል።

ቀጥሎ፣ ከሥራ ድርሻዎ ሳይወጡ ሥራውን በመጠኑ ይለውጡት። ኤሚ ሬዝኔስኪ እና ጄን ደተን የተባሉ ተመራማሪዎች በአንድ የአሜሪካ ሆስፒታል የሚሠሩ የጽዳት ሠራተኞችን አነጋግረው ነበር። ሥራቸው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ አንዳንዶቹ ወለል ከመጥረግ የዘለለ ነገር አይታያቸውም፤ ሌሎቹ ግን ራሳቸውን ሕሙማንን ከሚያድኑት መካከል ይቆጥሩ ነበር፤ ከታማሚ ጋር ያወራሉ፣ ጠያቂ የሌለውን ያስተውላሉ። በመጀመሪያው ወር ከሥራዎ አንድ ክፍል ብቻ ይምረጡና በሚችሉት ልክ አሳምረው ይሥሩት። መስኮት ላይ የሚሠሩ ከሆነ የሚያስፈልጉትን ማስረጃዎች በአንድ ገጽ፣ በትልልቅ ፊደል ጽፈው በር ላይ ይለጥፉ። ባለጉዳይ ከመሰለፉ በፊት የጎደለውን ያውቃል፣ እርስዎም ያንኑ ነገር ቀኑን ሙሉ ከመደጋገም ይድናሉ። አስተማሪ ከሆኑ አንድ ምዕራፍ መርጠው እንደ አዲስ ያዘጋጁት። የታክሲ ሾፌር ከሆኑ ለሚሳፈሩ አዛውንቶች መኪናውን ሙሉ በሙሉ ያቁሙላቸው።

ከባልደረባ ጋር ሥራ መለዋወጥም ይቻላል። እርስዎ ሪፖርት መጻፍ ደስ ይልዎታል፤ አጠገብዎ ያለው ባልደረባ ደግሞ ከሰው ጋር ማውራት ይወዳል። ለአለቃዎ በቃል ሳይሆን በአጭር ማስታወሻ፣ ለአንድ ወር ሙከራ ብለው ያቅርቡት። ሙከራ ሲባል ለመፍቀድ ይቀላል።

አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ። የሚሠሩበት ቦታ ሐሰተኛ ሰነድ እንዲፈርሙ ወይም ባለጉዳይ እጅ መንሻ እስኪያመጣ እንዲያጉላሉ የሚጠይቅዎት ከሆነ ይህ ሁሉ ምክር አይሠራም። ሕሊናውን እየሸጠ የሚረካ ሰው የለም። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ከሆኑ ሌላ ሥራ ፍለጋው የእርካታ ዕቅድዎ የመጀመሪያ ምዕራፍ ይሁን፤ እስኪያገኙ ድረስም ቢያንስ በራስዎ መስኮት ማንም ሰው እንዳይጉላላ ያድርጉ።

ደረጃ 5፦ ከሥራ ውጭ አንድ ቦታ ይምረጡ

አንድ ብቻ። ሦስት ቦታ የተመዘገበ ሰው ሦስቱም ጋ እንግዳ ሆኖ ይቀራል። በደብተርዎ ላይ ያሰመሩበትንና ሦስቱ ሰዎች የነገሩዎትን አብረው አንብበው ከሚከተሉት ወደሚስማማዎት ይሂዱ።

እድር። የሚያሳዝነኝ ነገር ቢኖር ወጣቶች እድርን የሽማግሌዎች ጉዳይ አድርገው መተዋቸው ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ የሐዘንተኛው ቤት ሰው አለመለየቱ፣ ይህ ሁሉ የሚንቀሳቀሰው ያለ ደመወዝ በሚያገለግሉ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ንብረት ኃላፊ ነው። ብዙ የአዲስ አበባ እድሮች ኤችአይቪ ኤድስ በበረታበት ዘመን ከቀብር አልፈው የታመመ መርዳትና ወላጅ ያጡ ልጆችን መደገፍ የጀመሩትም በእነዚሁ ሰዎች ብርታት ነው።

ሲገቡ የማሻሻያ ሐሳብ ይዘው አይግቡ። መጀመሪያ ለቅሶ ይድረሱ፣ ወንበር ይሸከሙ፣ ድንኳን ሲተከል ገመድ ይያዙ። ሲለመዱ ጸሐፊውን «ጋሼ፣ የአባላቱን መዝገብ በኮምፒውተር ልጻፍልዎት?» ይበሏቸው። የእጁን መዝገብ ግን እንዳያስቀሩት፤ በወሩ ስብሰባ ላይ የሚነበበውና አባላቱ የሚያምኑት እሱ ነው።

በመሃል ከተማ ዛሬ ከዚህ የበለጠ አስቸኳይ ሥራ አለ። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከካዛንቺስ በርካታ ነዋሪዎች በመልሶ ማልማት ምክንያት ተነሥተው ወደ ተለያዩ የከተማዋ አካባቢዎች ሄደዋል። አብሮ ቡና የጠጣ ጎረቤት ሲለያይ እድሩም አብሮ ይላላል። እርስዎ ከእነዚህ ሰፈሮች የአንዱ ሰው ከሆኑ የሚሠሩት ሥራ ተዘጋጅቶ ይጠብቅዎታል። የአባላትን አዲስ አድራሻና ስልክ ይሰብስቡ። በአዲሱ መኖሪያቸው በየቡድኑ ይክፈሏቸውና ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ መልእክት አድራሽ ያስመርጡ፤ ጡሩምባው የማይደርስበት ቦታ ስልኩ ይድረስ። መዋጮው በቴሌብር እንዲሰበሰብ፣ ስልክ መጠቀም ለሚያስቸግራቸው እናቶች ደግሞ ቡድን መሪው ተቀብሎ እንዲያስገባ ያድርጉ። በየወሩ ባይቻል እንኳ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ በአካል የሚገናኙበት ቀን ይቆረጥ። ይህን የሚሠራ ሰው ሰፈር እያዳነ ነው፤ ቃሉን አላጋነንኩም።

ማስጠናት። አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ አካባቢ ለሚኖሩና ለሚማሩ ይህ ቅርብ ነው። አንድ ትምህርት፣ አንድ ክፍል፣ ከስድስት ያልበለጡ ልጆች ይያዙ። የከተማ አቀፍ ፈተና የሚጠብቃቸው የ8ኛ ክፍል ልጆች ሒሳብ ጥሩ መነሻ ነው። የወላጆችን ፈቃድ ያግኙ፤ የሚያስጠኑበት ክፍል በሩ ክፍት የሆነ፣ ሌሎች አዋቂዎች የሚያዩት ቦታ ይሁን፤ ይህን ለድርድር አያቅርቡት። በመጀመሪያው ቀን አዲስ ነገር አያስተምሩ። የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ጥያቄዎችን ቀላቅለው ይስጧቸውና ልጁ የቆመበትን ቦታ ይፈልጉ። አልጀብራ አልገባ ያለው ልጅ ብዙ ጊዜ የተቸገረው ክፍልፋይ ላይ ነው። እዚያው ወርደው ይጀምሩ።

ደም መለገስ። ጊዜ ለሌለው ሰው ከዚህ የሚቀድም የለም። ዕድሜው ከ18 እስከ 65፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ግራም በላይ የሆነ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መለገስ ይችላል፤ ስታዲየም አካባቢ ወዳለው የደም ባንክ ጎራ ማለት ይበቃል። እዚህ ላይ የታወቀ ቀን መያዝ ለምን እንደሚጠቅም በግልጽ ይታያል፦ ከተለገሰ ደም የሚለየው፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት የሚቆየው ለአምስት ቀን ገደማ ብቻ ነው። በአንድ በዓል ሰሞን የሚጎርፍ ለጋሽ ከበዓሉ በኋላ የምትወልደውን እናት አይደርስላትም። ቀንዎን ቆርጠው በዓመት አራት ጊዜ ይሂዱ።

ማንበብ የሚወዱ ደግሞ አራት ኪሎ ያለውን አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ያስቡ። ለብቻ ከማንበብ ይልቅ ሁለት ሦስት የሰፈር ልጆችን ቅዳሜ ይዘው ይሂዱና እንዴት መጽሐፍ እንደሚፈለግ ያሳዩዋቸው።

ደረጃ 6፦ ራስዎ መምረጥዎን ያረጋግጡ

ኤድዋርድ ዴሲ እና ሪቻርድ ራያን የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት ሰው በሥራው እንዲረካ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል ይላሉ፦ በራስ ፈቃድ መሥራት፣ የሚሠሩትን መቻል፣ ከሌሎች ጋር መተሳሰር። ከሦስቱ በእኛ ዘንድ በቀላሉ የሚጣሰው የመጀመሪያው ነው። የአገራችን ታሪክም ይህን ያስተምራል። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ 60 ሺህ የሚሆኑ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተልከዋል። ብዙዎቹ ለገበሬው ከልባቸው ደክመዋል፤ በትእዛዝ መሄዳቸው ያስመረራቸውና ዘመቻውን ጥለው የጠፉም ብዙ ነበሩ። ሥራው ያው ሆኖ ስሜቱ የተለየው በፈቃድ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ አንድ ሰው ስለጎተተዎት ወይም ፎቶግራፍ ስለሚነሡበት ከሆነ የገቡት ይውጡ። በፈቃድዎ ከሆነ ደግሞ ውሉን በደብተርዎ ላይ ያስፍሩ፦ ቦታው፣ ቀኑ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ እስከ መቼ። ሦስት ወር ይበቃል። ማብቂያ የሌለው ቃል ኪዳን ሰውን ያስፈራል፤ ማብቂያ ያለውን ግን ብዙ ሰው ይፈጽመዋል። ከዚያ ለሚጠብቅዎት ሰው ይንገሩት፤ ለሕዝብ ማወጅ አያስፈልግም። በረከት የሚባል ነገር ካለ ሳይወራ በሚሠራ ሥራ ላይ ይመስለኛል።

መጠኑን አሳንሰው ይጀምሩ። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. ለግሸን ማርያም ንግሥ ወሎ ሄደው ረኃቡን ባዩ ጊዜ ይዘው የተመለሱት ሁለት ሕፃናትን ነው። በኋላ የብዙ ሺህ ልጆች እናት ያደረጋቸው ሥራ በዚህ ቁጥር ጀመረ።

ደረጃ 7፦ ከቤትዎ ጋር ይነጋገሩ

ቤቱ ሳያውቅ ሰፈር የሚያገለግል ሰው ሁለቱንም ያጣል። ወይዘሮ አበበችም ቢሆኑ ለልጆቹ ሲሉ ከትዳራቸው ተለያይተዋል፤ ይህ ዋጋ ከማንኛችንም የሚጠየቅ አይደለም። ቀኑን ከመቁረጥዎ በፊት ከባለቤትዎ ጋር ቁጭ ይበሉ። በተለይ ወንዶች ይህን ልብ ይበሉ፦ ቅዳሜ ከሰዓት እርስዎ ለእድር ሲወጡ ልጆቹን ማን ይይዛል? ባለቤትዎስ ለራሷ የምትወጣበት ሁለት ሰዓት አላት? ከሌላት መጀመሪያ የእሷ ይቆረጥ፣ የእርስዎ ይከተላል። በወጥና በእንጀራ፣ በልብስ አጠባና በልጅ መካከል ቀኗ የሚያልቅባትን ሴት «ችሎታሽን ፈልጊ» ማለት ስድብ ነው፤ የሚያስፈልጋት ሰዓት ነው።

ወንድምና እህት የሚያስተምሩ፣ ክፍለ ሀገር ላሉ ወላጆች የሚልኩ ወጣቶችም አሉ። እናንተ ቀድሞውኑ ከራሳችሁ አልፋችኋል። የእናንተ ድርሻ አዲስ ሸክም መጨመር ሳይሆን የምትሠሩትን ማየት ነው፦ ወንድማችሁን ደውሉለት፣ ምን እየተማረ እንደሆነ ጠይቁት፣ ውጤቱን እንዲያሳያችሁ አድርጉ።

ይሉኝታን በተመለከተ አጭር ምክር አለኝ። ሥራዎ ከታወቀ በኋላ የማይጠይቅዎት ሰው አይኖርም። «ቅዳሜ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የልጆቹ ነው፤ ከዚያ ውጭ ግን አልችልም፣ ይቅርታ» ማለትን ይልመዱ።

ደረጃ 8፦ በሦስተኛው ወር መጨረሻ ይመርምሩ

ደብተሩን ይክፈቱና የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ከአሁኑ ጋር ያስተያዩ። ሦስት ነገሮችን ይፈልጉ። አንድ ቀን ሲቀሩ የጠየቀዎት ሰው አለ? ሥራ ቦታ ላይ ትዕግሥትዎ ተለውጧል? ቤት ሲገቡ ልጆችዎ ወደ እርስዎ ይመጣሉ ወይስ ይሸሻሉ? የመጨረሻውን ልጆቹ ራሳቸው ይመልሱታል።

ሁሉም «አይደለም» ከሆኑ ቦታውን ይቀይሩ እንጂ ሐሳቡን አይተዉ፤ ከደረጃ 5 አንድ ሌላ መርጠው ለሌላ ሦስት ወር ይሞክሩ። መልሱ መልካም ከሆነ ግን ከመቀጠልዎ በፊት አንድ ሥራ ይቀራል፦ ተተኪ ማዘጋጀት። መዝገቡ የት እንደሚቀመጥ፣ የትኛው ልጅ የት ገጽ ላይ እንደቆመ፣ የትኛው አባል ስልክ እንደማያነሣ በሁለት ገጽ ይጻፉ። አንድ ወጣት ወይም አንዲት ወጣት መርጠው ለአንድ ወር አብረውዎት እንዲሠሩ ያድርጉ፤ በአራተኛው ሳምንት እርስዎ ዳር ተቀምጠው ይመልከቱ፣ ሥራውን ግን እነሱ ይምሩት። ቁልፍ ካለ ቁልፉን ያስቀርጹና አንዱን ይስጧቸው።